የቱር ደ ፍራንስን የተራራ ቀን ስንከታተል የምንሠራቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ብስክሌት ለማንም ብርቅ አይደለም። ከዚራ ዛፍ ሥር ወድቆ ተነስቶ ብስክሌት ያልለመደ የድሬ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ለሦስት ሳምንት የሚዘልቀው የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ የቱር ደ ፍራንስ፣ የተራራ ቀን ሲመጣ ግን ብዙው ሰው ግራ ይጋባል። አምስት ሰዓት የሚፈጅ ነገር ነው። እንደ ኳስ ጎል የለው፣ እረፍት የለው። ሰዎቹ ዳገት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ሌላ ዳገት ይወጣሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ስልኩን መነካካት ይጀምራል።

ካሜራው የሚያሳየው ፊተኛውን ነው፤ እኛም ፊተኛውን ብቻ እናያለን። የተራራ ቀን ግን ትልቁ ነገር የሚያልቀው ከኋላ ነው። ማን ቀረ? ማን ብቻውን ሆነ? ማን ሰዓት አለቀበት? ሐምሌ በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥን ፊት የምሰማቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ሰዓቱን መሳት

ከቀላሉ እንጀምር። ሐምሌ ላይ ፈረንሳይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ፕሮግራሙ ላይ የማብቂያው ሰዓት 17:15 ከተባለ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ነው። አቋራጩ ከተጻፈው ላይ 5 መቀነስ ነው። ግንቦት ላይ ለሚካሄደው ጂሮ ዲ ኢታሊያም፣ ነሐሴ መጨረሻ ለሚጀምረው የስፔኑ ቩኤልታም ይሠራል።

ከመጀመሪያው ጀምሮ መቀመጥ ግዴታ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሲጀምሩ ድሬ ምሳ ላይ ናት። ከመጨረሻው በፊት ያለው ዳገት ሲጀመር ግቡ፤ ብዙውን ጊዜ 10 ሰዓት ተኩል ግድም ይሆናል። በርጫ ላይ ያለም ሰው ያኔ ወሬው ደርቶለታል፣ አይከፋውም። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ብቻ የሚያይ ግን ማን እንዳሸነፈ ያውቃል እንጂ እንዴት እንዳሸነፈ አያውቅም።

የተራራውን ከፍታ አይቶ መደንገጥ

«ቱርማሌ፣ 2,115 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ብቅ ሲል ሰው «ኧረ በስማም!» ይላል። አዲስ አበባ እኮ ከዚያ በላይ ናት። ሐረር ራሷ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ሞን ቫንቱ የሚባለው ስመ ጥር ተራራ ደግሞ ጫፉ 1,910 ሜትር አካባቢ ነው። ጀጎል ውስጥ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ከቫንቱ ጫፍ ጋር እኩል ተቀምጧል ማለት ነው። ማንም ግን አላጨበጨበለትም።

ዋናው ነገር ከየት ተነስቶ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ ምን ያህል ይወጣል የሚለው ነው። ቫንቱ ከቤድዋን በኩል ሲወጣ 15.7 ኪሎ ሜትር በአማካይ 8.8 በመቶ ነው። በየመቶ ሜትሩ ወደ ዘጠኝ ሜትር ሽቅብ ማለት ነው። ከድሬ ሐረር የተመላለሰ ሰው ይህ አይጠፋውም። ድሬ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከተማዋን ለቆ ደንገጎ የሚባለው ዳገት ሲጀመር ሲኖትራኩ ማርሹን ወደ አንድ ያወርዳል። ከኋላው የተሰለፈው ሚኒባስ ክላክስ ያንባርቃል። ላብ በላብ ሆኖ የተሳፈረው ሁሉ ላይ ሲደርስ «መስኮት ዝጉ!» ይላል። ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው በዚህ ዳገት ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራውን ማስወጣት ግን ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆነ። ሐዲዱ በግርጌው አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ጣቢያው አጠገብ ከተማ በቀለ። ባቡር እንኳ ዞሮ የሚያልፈው ነገር ነው ዳገት።

አማካዩም ብቻውን ያታልላል። አንግሊሩ የሚባለው የስፔን ተራራ 12.5 ኪሎ ሜትር ሆኖ አማካዩ ወደ 10 በመቶ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ግን ይታገሣል። ወደ ጫፉ ሲጠጋ 23 በመቶ የሚደርስ ቦታ አለ። እዚያ ላይ አንዳንዱ የሚጋልብ ሳይሆን ብስክሌቱን የሚለምን ይመስላል። አልፕ ዱዌዝ ደግሞ ተቃራኒው ነው። 13.8 ኪሎ ሜትር፣ 21 ጠመዝማዛ፣ አማካዩ 8.1 በመቶ፤ የሚከፋው ግን ገና ሲጀመር ነው። ስለዚህ ውድድሩ ሳይጀመር የመንገዱን ሥዕል ከፍታችሁ አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ፦ ክፉው ቦታ የትኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው? ጥቃቱ፣ ማለትም አንዱ ድንገት ፈጥኖ ሌላውን ጥሎ ለመሄድ የሚሞክርበት፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እዚያው ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

ሜትርን ከሰከንድ ማምታታት

ይሄኛው ክርክር የሚያስነሳ ስህተት ነው። ስክሪኑ ላይ ልዩነቱ 30 ሰከንድ ይላል። ካሜራው ከኋላ ሲያሳይ ፊተኛው እዚያው፣ ከኩርባው በላይ ይታያል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ «ደረሰበት! ደረሰበት!» ይላል። አምስት ደቂቃ ያልፋል፣ አልደረሰበትም። «ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ?»

ምንም አልሆነም። ዳገት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ 30 ሰከንድ ማለት 167 ሜትር ገደማ ነው። ማሊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ሊነበብ ምንም አይቀረው። ቁልቁለት ላይ በሰዓት 60 ሲሄዱ ግን ያው 30 ሰከንድ 500 ሜትር ይሆናል። ዳገት ላይ ቅርብ የሚመስለው ሩቅ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሩቅ የሚመስለው ቅርብ ነው። ዓይናችሁን ትታችሁ ሰዓቱን እመኑ።

ጠፍጣፋ መንገድ ላይ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ሮበር ሻፓት የሚባል ፈረንሳዊ የስፖርት ጋዜጠኛ ያወጣው ነው። ያመለጠ ሰው ለቀረው ለእያንዳንዱ 10 ኪሎ ሜትር አንድ ደቂቃ ብልጫ ከሌለው ይያዛል ይላል። ይህን ስሌት ተራራ ላይ አታምጡት። ጠፍጣፋ ላይ ከሰው ጀርባ የተከለለ ከሦስት አንድ ያህል ጉልበት ይቆጥባል፤ ስለዚህ የሚያሳድደው መንጋ ያሸንፋል። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ፍጥነቱ ስለሚወርድ ነፋሱም አቅም ያጣል። ከሰው ጀርባ መደበቅ ብዙም አያድንም። ሁሉም የራሱን ኪሎ ተሸክሞ ይወጣል።

ፊተኛውን ብቻ ማየት

የተራራ ቀን የሚጣፍጠው ሰው መቁጠር የጀመራችሁ ቀን ነው። ቱር ደ ፍራንስ ላይ አንድ ቡድን 8 ሰው ይዞ ይጀምራል። የመጨረሻው ዳገት ሥር ሲደረስ ቢጫ ማሊያ የለበሰው የአጠቃላይ መሪ አጠገብ ስንት የቡድን ጓደኛ ቀርቶለታል? ሦስት ከሆነ ደህና ነው። ዜሮ ከሆነ ተቀናቃኙም ሁለት ካለው፣ ሻዩን አስቀምጡና ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

ደግሞ ሰውነታቸውን እዩ። ፊት ሁሉም ጋ ያው ነው፣ ሁሉም ያፈጠጠ ነው። ጎማውን እዩ። የደከመ ሰው በእሱ ፊተኛ ጎማና በሚከተለው ሰው ኋለኛ ጎማ መካከል ክፍተት ይከፈትበታል። መጀመሪያ አንድ ክንድ ያህል። ቆሞ ፔዳል ይመታና ይዘጋዋል። እንደገና ይከፈታል። ሦስተኛው ላይ አይዘጋም። ካሜራው ይህን ሳያሳይ ወደ ፊት ሊዞር ይችላል፤ ተንታኙም እስኪያየው ጊዜ ይወስድበታል። ቀድሞ ማየት ያስደስታል፤ ክፍሉ ውስጥ ነቢይ ያደርጋችኋል።

ብዙ ሰው የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። ጠዋት አምልጦ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ድንገት ፍጥነቱን ይቀንስና ከኋላ ያሉትን ይጠብቃል። «ሰነፈ» ይባላል። አልሰነፈም፣ ተልኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኦታካም በሚባለው ተራራ ላይ ዋውት ቫን አርት እንዲህ አደረገ። አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ፣ ተራራ ወጪ ሳይሆን፣ ካመለጡት ጋር ቀድሞ ሄደ። የቡድኑ መሪ ዮናስ ቪንገጎርድ ሲደርስበት ተቀናቃኙ ታዴይ ፖጋቻር እስኪቀር ድረስ ሳበለት። ቪንገጎርድ ዙሩን፣ ማለትም የዚያን ቀን ውድድር፣ አሸነፈ። ቫን አርት ያን ሁሉ ጎትቶ ሦስተኛ ገባ፤ ይሄ ሰው ከምን እንደተሠራ እንጃ።

የእኛው ፅጋቡ ግርማይም በአብዛኛው ሥራው ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ውጤቱን ከላይ የፈለገ ሰው ስሙን አላገኘውም። የቡድኑ መሪ ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ሜንቺስ በዚያ ዓመት በአጠቃላይ 8ኛ ወጥቷል። የአጋዡን ሥራ ማየት ያለባችሁ እዚያ ውስጥ ነው።

የቀረውን ሁሉ ቀብሮ መመለስ

አንዱ ፈንጥሮ ሲወጣ የቀረው «አለቀለት» ይባላል። አንዳንዱ ግን አውቆ ነው የሚለቀው። የራሱን እርምጃ ይዞ ይወጣና ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ይደርስበታል። ለጥቃት ሁሉ መልስ የሚሰጠው ነው ይልቅ አደጋ ላይ ያለው። በዚያው በ2022 ጋሊቢዬ ተራራ ላይ ቪንገጎርድና የቡድን ጓደኛው ፕሪሞዝ ሮግሊች እየተፈራረቁ ፖጋቻርን ያጠቁት ነበር። ፖጋቻር ለሁለቱም መለሰ፤ የማይሰበር መሰለ። ከዚያ ቀጥሎ ግራኖን የሚባለው ዳገት መጣ። ቪንገጎርድ ሲሄድ መከተል አቃተው፣ ወደ ሦስት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ አጣ። ቢጫው ማሊያም ሄደ።

ማሊያዎቹን ማደባለቅ

ቢጫ የአጠቃላይ ሰዓት መሪ ነው። አረንጓዴ የነጥብ፣ ነጭ የወጣቶች። ነጭ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለው የተራራ ነው። በቃ።

ነጠብጣቡን የለበሰ ሁሉ ግን ከሁሉ የበለጠ ተራራ ወጪ ነው ማለት አይደለም። ነጥቡ የሚሰበሰበው በየዳገቱ ጫፍ ነው። ከባዱ ዳገት ለመጀመሪያው 20 ነጥብ ይሰጣል፤ ትንሿ ጉብታ 1። ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ2015 ማሊያውን የለበሰ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሲሆን፣ የለበሰው በመጀመሪያው ሳምንት በትናንሽ ጉብታዎች ላይ እየቀደመ ነው። ብልህነት ነው፤ እንዲያውም እኔ ከብዙ ተራራ ድል አበልጠዋለሁ። ሌላም አለ። አንድ ሰው ቢጫውንም ነጠብጣቡንም ከያዘ ሁለቱን ደርቦ አይለብስም። ነጠብጣቡን ሁለተኛው ይለብስለታል። ስለዚህ «መሪው እሱ ነው» ብላችሁ ከመወራረዳችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ።

ቁልቁለት ላይ ለሻይ መነሳት

ጫፍ ሲደርሱ ሰው ይነሳል። አትነሱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቶም ፒድኮክ ከጋሊቢዬ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወርዶ ካመለጡት ጋር ተቀላቀለ፣ ከዚያም አልፕ ዱዌዝ ላይ አሸነፈ። የዚያን ቀን ዳገት ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም።

አሸናፊው ሲገባ መዝጋት

ይህ ለእኛ አካባቢ ሰው የማይገባ ስህተት ነው። በተራራ ቀን ሜዳ ላይ ፈጣን ጨራሽ የሆኑት፣ ዳገት የሚከብዳቸው፣ ከኋላ ተሰብስበው አንድ ላይ ይመጣሉ። ግሩፔቶ ይባላሉ። ውድድራቸው ከሰዓት ጋር ነው። አሸናፊው የፈጀው ጊዜ ላይ እንደ ዙሩ ክብደትና ፍጥነት የተወሰነ በመቶ ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ የገባ በማግስቱ አይነሳም። እንበልና አሸናፊው 5 ሰዓት ፈጀ፣ ጭማሪው 12 በመቶ ሆነ። ቀሪዎቹ ያላቸው 36 ደቂቃ ብቻ ነው። ዳኞች አንዳንዴ ምሕረት ያደርጋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጋሊቢዬ ላይ ከ80 በላይ ሰዎች ዘግይተው ገብተው ባይማሩ ኖሮ ቱሩ ባዶ ይቀር ነበር።

ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴ ማሊያ ሲወስድ ሁላችንም የዘፈንነው የድሉን ቀን ነው። ማሊያው የታተመው ግን በተራራዎቹ ነው። በ16ኛው ዙር ወደቀ። ከፊቱ ገና የተራራ ቀናት ነበሩ፤ አንዱ ቦኔት ላይ 2,802 ሜትር የሚያልፍ። አንዱ ላይ ሰዓት ቢያልቅበት ነጥቡ ሁሉ ገደል ይገባ ነበር። ቱሩ ያበቃበት ኒስ የደረሰው ከኋላ፣ ካሜራ በሌለበት ታግሎ ነው። ስለዚህ አሸናፊው ሲያቅፉት ቆዩ፤ የገቡትን ዝርዝር እስከ ታች አንብቡ።

በነጋታው ደንገጎን ልውጣ ማለት

ይህ ቴሌቪዥን ፊት የሚጀምር ሐሞት ነው። ክፋት የለውም፣ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ውጡ፤ ከረፋዱ በኋላ የድሬ ፀሐይ ሰው አታስወጣም። ሁለት ኮዳ ውሃ ያዙ። መውጣቱን ካቃታችሁ ትወርዳላችሁ፣ ችግሩ መውረዱ ነው። የከዚራ ብስክሌት ፍሬን የተሠራው ለሜዳ ነው። ላይ ከመሄዳችሁ በፊት የፍሬን ጎማውን አስቀይሩ፣ ሽቦውንም አስጠብቁ። ስትወርዱ ፍሬን ይዛችሁ አትቆዩ፤ ጨበጥ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ፣ አለዚያ ቸርኬው ይግላል። ኩርባ ላይ ቀኛችሁን ያዙ። ከታች የሚመጣው ሲኖትራክ ሰፊውን ይዞ ነው የሚዞረው።