የጥንት አሻንጉሊት ሙዚየም ስትገቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የጥንት አሻንጉሊት፣ የልጆች ልብስና አውቶማቶን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሳዩ ሙዚየሞች አሉ። አውቶማቶን የሚባለው ሞላው ሲጠመዘዝ በራሱ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነው፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ሙዚቃ ይጫወታል። ሦስቱ ነገሮች አብረው መቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሊዮፖልድ ላምበር የአውቶማቶኖቹን ጭንቅላት ከዡሞ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ይገዛ ነበር። ማሽኑን እሱ ይሠራል፣ ልብሱን ሚስቱ ትሰፋለች። አንድ ዕቃ ላይ የሦስት ሙያ እጅ አለበት። ብዙ ጎብኚ ግን አዳራሹን በሩጫ ዞሮ፣ «ደስ ይላሉ» ብሎ ይወጣል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ትልቁ ስህተት ሰዓቱን ሳይጠይቁ መሄድ ነው። አውቶማቶን ቆሞ ሲታይ ያማረ አሻንጉሊት ነው፣ በቃ። ነፍስ የሚዘራው ሲንቀሳቀስ ነው። ሙዚየሞች ደግሞ ቀኑን ሙሉ አያንቀሳቅሱትም። ብረቱ ይበላል፣ መለዋወጫም ገበያ ላይ አይገኝለትም። ስዊዘርላንድ፣ ኑሻቴል ከተማ ሙዚየም ያሉት የሰዓት ሠሪው የዣኬ ድሮ ሦስት አውቶማቶኖች፣ ጸሐፊው፣ ሙዚቀኛዋና ሠዓሊው፣ ለሕዝብ የሚንቀሳቀሱት በተለምዶ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ነው። በሌላ ቀን የሄደ ሰው ዝም ብለው የተቀመጡ ሦስት አሻንጉሊቶች አይቶ ይመለሳል። ጄኔቫ የምትኖሩ ከሆነ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። መጀመሪያ ቀኑን አረጋግጡ።

ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ፤ ፊት ለፊት ቆሞ ፊቱን ብቻ በስልክ መቅረጽ። እነዚህን ሦስቱን ፒየር ዣኬ ድሮ፣ ልጁ ሄንሪ ሉዊና ዣን ፍሬደሪክ ሌሾ የሠሯቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1768 እስከ 1774 ባሉት ዓመታት ነው። ጸሐፊው ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጠረጴዛ ይዞ የተቀመጠ ትንሽ ልጅ ነው። የላባ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ይነክራል። እንዳይንጠባጠብ እጁን ነቅነቅ ያደርጋል። ከዚያ ይጽፋል፤ ዓይኖቹም ብዕሩን ይከተላሉ። 6,000 ገደማ ክፍሎች አሉት። ይህን ሁሉ የሚያዘው ግን ጀርባው ውስጥ ያለው ነው። ጠርዛቸው ከፍ ዝቅ ያለ ስስ ዲስኮች ተደራርበው ይሽከረከራሉ፣ ጠርዙን እየተከተለ የሚሄድ ዘንግ እጁን ይነዳል። ከሥር ያለው ጎማ ላይ የፊደሎቹን ቅደም ተከተል ቀይሮ፣ እስከ 40 ፊደልና ምልክት ያለው ሌላ ጽሑፍ ማስጻፍም ይቻላል። ዛሬ ፕሮግራም የምንለው ነገር ማለት ነው፣ ያውም ያለ ኤሌክትሪክ። ስለዚህ አስጎብኚው ጀርባውን ሲከፍት ስልካችሁን አስቀምጡና ጠጋ በሉ። ሙዚቀኛዋንም ጣቷን እዩ። ድምፁ ከተደበቀ ሳጥን የሚመጣ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እሷ ግን የኦርጋኑን ቁልፎች በገዛ ጣቶቿ ነው የምትጫነው።

የልጆች ልብስ ክፍል ውስጥ ደግሞ ቀሚስ ባዩ ቁጥር «የሴት ልጅ ነው» ማለት የተለመደ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ትንንሽ ወንዶች ልጆች ቀሚስ ይለብሱ ነበር። ሱሪ መታጠቅ ከሁለት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ የሚመጣ፣ ቤተሰብ የሚደሰትበት ቀን ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀሚስ የለበሰን ሕፃን ማጽዳት አያስቸግርም፣ ልጁ ሲያድግም ቀሚሱ አብሮት ይረዝማል። ቀለሙም አያሳስታችሁ፤ ሮዝ ለሴት፣ ሰማያዊ ለወንድ የሚለው ልማድ የጸናው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ይልቅ የታችኛውን ጠርዝ ተመልከቱ። ከጠርዙ በላይ አግድም የሄደ ደብዛዛ መስመርና የመርፌ ቀዳዳ ካያችሁ፣ እዚያ ጋ ጨርቁ ታጥፎ ተሰፍቶ ነበር ማለት ነው። ልጁ ሲያድግ እናቱ ወይም ሰፊዋ ፈታ አድርጋዋለች። እኔ ከሙዚየሙ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን መስመር ነው።

የአዳራሹን ጨለማ እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። ጨርቅ በብርሃን ይጎዳል። ለልብስ የሚፈቀደው ብርሃን በተለምዶ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አያልፍም። ሐሩ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐር ሲነጻ የሚያጣውን ክብደት ለመመለስ በብረታ ብረት ጨዎች ይነክሩት ነበር። ያ ሐር ዛሬ ማንም ሳይነካው ይሰነጣጠቃል። የአሻንጉሊቷ ቀሚስ ተተልትሎ ስታዩ ሙዚየሙን አትውቀሱ። ፍላሽ ግን አጥፉ።

አንገት ሥር ያለ ማኅተም አይቶ መደምደምም ያሳስታል። የዡሞ ማኅተም ጭንቅላቱን ማን እንደሠራው ይናገራል እንጂ አውቶማቶኑን አይደለም። የቤተሰብ ወሬም እንዲሁ። ፊላደልፊያ ያለው ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት የተባለ የሳይንስ ሙዚየም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 እሳት የጎዳው አንድ አውቶማቶን በስጦታ ተቀበለ። ሰጪው ቤተሰብ ሜልትሰል የሚባል ሰው ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበር። ተጠግኖ ሲነሣ አሻንጉሊቱ አራት ሥዕሎችና ሦስት ግጥሞች አወጣ። ከግጥሞቹ በአንዱ ጠርዝ ላይ በፈረንሳይኛ «በማያርዴ አውቶማቶን የተጻፈ» ብሎ ጻፈ። የሠሪውን ስም ማሽኑ ራሱ ይዞት ኖሯል። ፊላደልፊያ አካባቢ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ልጅ «ያስፈራል» ካለ ግን አታስገድዱት። የመስታወት ዓይን ለብዙ ልጅ ይከብዳል። ልብሱ ወልቆ ማሽኑ ብቻ የሚታይ አውቶማቶን ካለ በእሱ ጀምሩ።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሙዚቃ ያለው አሻንጉሊት የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቁልፉን መጠምዘዝ ነው። አታድርጉት። ዘይቱ ደርቋል። ፍጥነቱን የሚገታው ክፍል ላልቶ ከሆነ ሞላው ያለውን ኃይል በአንዴ ይለቀዋል። ዜማው የተሠራበት ሲሊንደር ገቺ አጥቶ ሲበርር ላዩ ላይ ያሉት ሹል ሽቦዎች ይጣመማሉ፣ ዜማውን የሚያወጣው ሚዶ የመሰለ ብረት ጥርሱ ይረግፋል። ጥገናው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ልብሱ ቢቆሽሽም አትጠቡት፣ አዲስም አታሰፉለት። ከነቁልፉ፣ ከነአሮጌ ልብሱ የሰዓትና የሙዚቃ ሳጥን ባለሙያ ጋ ውሰዱት፤ ሞላውን እሱ ይፈትሸው።