ወጣቶች ክሊኒክ ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ባሕር ዳር ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ጤና ጣቢያ በር ላይ የታየ ልጅ፣ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሽምብጥ ሰፈር እቤቱ ይገባል ብሎ ይፈራል። በጤና ጣቢያ የወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና ክፍል የአቻ ለአቻ አስተማሪ ሆኜ ስለሠራሁ ፍርሃቱ ይገባኛል። አንጀቴን የሚበላው ግን በፍርሃቱ የሚባክነው ጊዜ ነው።

ትልቁ ስህተት ማዘግየት ነው። ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከነበረ ሰዓት ይቆጠራል። ፖስት ፒል የሚባለው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተለይ ቶሎ ሲወሰድ ነው በደንብ የሚሠራው። ከዚያ በኋላ እስከ 5 ቀን ሊረዳ ቢችልም አቅሙ ይቀንሳል። ደግሞ ፖስት ፒል እርግዝናን እንጂ ኤችአይቪን አይከላከልም፤ ይሄን ስንቱ ይሳሳተዋል መሰላችሁ! ለኤችአይቪ ፔፕ የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። አርብ ማታ የሆነውን ይዞ ማክሰኞ ጠዋት የመጣ ልጅ አልረሳም፤ ቅዳሜ ፈራ፣ እሁድ ዝግ ነው ብሎ ተወው፣ ሰኞ ደግሞ መጥቶ የሰፈሩን ሰው ወረፋ ላይ ሲያይ ከበር ተመለሰ። ሰኞ ማታ 72 ሰዓቱ አለፈ። እሁድም ቢሆን እኮ የፈለገ ሕይወት ወይም የጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አለ። በተለይ ተገዳ የተደፈረች እህት ካለች፣ ከቻለች ሰውነቷን ሳትታጠብና ልብሷን ሳትቀይር በዚያው ሰዓት ትሂድ። ታጥባም ከሆነ ግን ትሂድ፣ ሕክምናው አይቀርባትም።

ሁለተኛው ስህተት ካርድ ክፍል ላይ የውሸት ስምና ስልክ መስጠት ነው። እንዳትታወቁ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ውጤታችሁ ላይ ችግር ቢገኝ በምን ያገኟችኋል? ለቀጠሮ ስትመለሱስ የትኛውን ስም ብላችሁ ካርዳችሁን ታወጣላችሁ? ሚስጥር መጠበቅ የባለሙያው ግዴታ ነው። ከፈራችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፦ «ካርዴን ማን ያየዋል? ቤት ትደውላላችሁ?» በሉ። ሌላ ሰው የሚያነሳው ስልክ ከሆነም እንዳይደወልበት ንገሯቸው።

ከዚያ ደግሞ ገብቶ «ራሴን አሞኝ ነው» ማለት አለ። ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ይዞት የመጣ ልጅ የራስ ምታት ክኒን ተቀብሎ ይወጣል። አፍ አልፈታ ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ ብዙ ልጆች በዚህ መንገድ ተገላግለዋል። ጓደኞችን አግተልትሎ መሄድም ይሄንኑ ያመጣል፣ እነሱ ባሉበት እውነቱ አይወጣም። አንድ የምታምኑት ሰው ይበቃል፣ እሱም ውጭ ይጠብቅ።

ፋርማሲ ሄዶ በግምት አንቲባዮቲክ መግዛት ይቅር። ጨብጥና ቂጥኝ በአንድ መድኃኒት አይታከሙም፤ ተሽሏችሁ እንኳ የፍቅር ጓደኛችሁ ካልታከመ ወይም ካልታከመች መልሶ ይይዛችኋል።

ባለፈው ሳምንት ለሆነ ነገር ዛሬ ተመርምሮ «ነፃ ነኝ» ማለትም አደገኛ ነው። ኤችአይቪ ወዲያው በምርመራ አይታይም። ዛሬ ተመርመሩ፣ ከ3 ወር በኋላ ደግሞ ድገሙት፣ እስከዚያ ኮንዶም አይለያችሁ።

የመጨረሻው፣ አንድ ባለሙያ ስላመናጨቀ ጨርሶ መቅረት ነው። እኔም ልጅ እያለሁ አንዷ «በዚህ ዕድሜህ!» ብላ ሰው ፊት ጮኻብኝ ዓመት ሙሉ ጤና ጣቢያ ሳልረግጥ ቀርቻለሁ። አጥፍታለች፣ የተጎዳሁት ግን እኔ ነኝ። «ሌላ ባለሙያ ይየኝ» ማለት መብታችሁ ነው። እምቢ ካሉ ኃላፊውን አናግሩ፣ ወይም ባጃጅ ይዛችሁ ሌላ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሰዓት የሚቆጠርበት ጉዳይ ከሆነ በዚያው ቀን።