አውትሉክን መማር ያዋጣል? ሲወስኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጂሜይልን በስልክና በብራውዘር እየከፈተ ለዓመታት የሠራ ሰው አዲስ መሥሪያ ቤት ሲገባ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ኢሜይሉን፣ ካላንደሩን፣ አድራሻውንና የሥራ ዝርዝሩን በአንድ ላይ የያዘውን ትልቁን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም፣ አውትሉክን፣ ለመልመድ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል? ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መልስ የለም። ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው።

በኢሜይል ብዛት መወሰን

«መልእክት ስለሚበዛብኝ ትልቅ ፕሮግራም ያስፈልገኛል» ሲባል እሰማለሁ። በእኔ እምነት መለኪያው ይህ አይደለም። ሥራዎ መልእክት አንብቦ መመለስ ብቻ ከሆነ የጂሜይል ድረ ገጽ ይበቃዎታል። ሚዛኑን የሚደፋው ካላንደሩ ነው። ሌላ ሰው በእርስዎ ሰዓት ላይ ቀጠሮ ይይዛል? የአለቃዎን ቀጠሮ የሚይዙት እርስዎ ነዎት? የስብሰባ አዳራሹ የሚያዘው በኮምፒውተር ነው? አንድን የድርጅት አድራሻ ሦስት ሰው እየተጋራ ይመልስበታል? ከእነዚህ ለሁለቱ «አዎ» ካሉ ይማሩት። መሥሪያ ቤቱ ማይክሮሶፍት 365 ወይም ኤክስቼንጅ (የመሥሪያ ቤትን ኢሜይልና ካላንደር የሚያስተናግዱ የማይክሮሶፍት አገልግሎቶች) የሚጠቀም ከሆነ አውትሉክ የአምስት ሰዎችን ነፃ ሰዓት ጎን ለጎን ያሳያል። ለጸሐፊ ውክልና ሰጥቶ ቀጠሮ ማስያዝም ይቻላል። ለአንድ ስብሰባ አራት ጊዜ ስልክ መደወል የሚቀረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ግን አንድ ነገር አለ። ስብሰባ የሚጠራው በቴሌግራም ግሩፕ ከሆነና ባልደረቦችዎ ካላንደራቸው ላይ ምንም የማይጽፉ ከሆነ፣ አውትሉክ ሁሉንም ሰው ሁልጊዜ ነፃ አድርጎ ያሳይዎታል። እዚያ ቤት እርስዎ ብቻዎን መማርዎ ብዙም አይጠቅምም።

ከካላንደሩ ውጭ አንድ በቂ ምክንያት አውቃለሁ፤ እሱም የኢንተርኔት መቆራረጥ ነው። አውትሉክም ሆነ ተንደርበርድ የሚባለው ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም መልእክቱን ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚያስቀምጡ መስመሩ ሲጠፋ የቆየውን ማንበብ፣ አዲሱንም ጽፎ ማቆየት ይቻላል፤ መስመሩ ሲመለስ ይላካል።

የትኛው አውትሉክ እንደሆነ ሳያዩ መጀመር

ከኦፊስ 97 ጀምሮ የምናውቀው፣ ዛሬ «ክላሲክ» የሚባለው አለ። ከዊንዶውስ 11 ጋር የሚመጣው «አዲሱ» አለ። የብራውዘሩና የስልኩም አሉ። ማይክሮሶፍት ለድሮዎቹ የዊንዶውስ ሜይልና ካላንደር ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አቁሞ ተጠቃሚውን ወደ አዲሱ መርቷል፤ ክላሲኩን ደግሞ ቢያንስ እስከ 2029 እደግፋለሁ ብሏል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ያገኙት ትምህርት የክላሲኩ ሆኖ እርስዎ ጋ ያለው አዲሱ ከሆነ፣ መምህሩ «ይህን ተጫኑ» የሚለው ቁልፍ ሲፈለግ ይውላል። አዲሱ የተሠራው በብራውዘሩ አውትሉክ ላይ ነውና የብራውዘሩን የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ከወዲሁ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ክላሲኩ ላይ ጂሜይልን በአይማፕ (መልእክቱን ሰርቨር ላይ እንዳለ በሚያሳየው የኢሜይል ማገናኛ መንገድ) ሲጨምሩ የሚመጣው መልእክቱ ብቻ ነው፤ የጉግል ካላንደርዎ አብሮ አይመጣም። ይህን አይቶ «ካላንደሩ የማይረባ ነው» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ሞክሯል። አዲሱ አውትሉክ በበኩሉ ከሌላ ድርጅት የጨመሩትን አካውንት መልእክት ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ይወስዳል። ምስጢር የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆኑ የአይቲ ክፍሉን አስቀድመው ይጠይቁ።

ጉግል ላይ ለሚሠራና ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ሰው ከአውትሉክ በፊት ተንደርበርድን እመክራለሁ። ነፃ ነው፣ ከ2020 ወዲህ ካላንደሩ ውስጡ ነው፣ የጉግል ካላንደርንም ያነባል። «ክራክ» የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ የሚሠራ ኦፊስ ጭኖ የኢሜይል ፓስወርድን እዚያ ማስገባት ግን በምንም ሒሳብ አያዋጣም።

ዋናውን አካውንት በፖፕ መሞከር

አካውንት ሲጨምሩ ፖፕ ወይስ አይማፕ ተብለው ሊጠየቁ ይችላሉ። ፖፕ መልእክቱን ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል፤ «ቅጂው ሰርቨር ላይ ይቆይ» የሚለው ካልተመረጠ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ያጠፋል። ከዚያ ስልክዎን ሲከፍቱ ኢንቦክሱ ባዶ ነው። በአይማፕ ዋናው ሰርቨሩ ላይ ስለሚቆይ፣ ፕሮግራሙን ሞክረው ባይወዱት አራግፈው ወደ ብራውዘርዎ ይመለሳሉ።

ፒኤስቲ ፋይልንም፣ ማለትም አውትሉክ መልእክት ኮምፒውተሩ ላይ የሚያከማችበትን ፋይል፣ ይጠንቀቁት። መልእክት ጎትተው እዚያ ፎልደር ውስጥ ሲከቱት ከሰርቨሩ ወጥቶ በአንድ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ብቻ ይቀራል። ዲስኩ ሲበላሽ የዓመታት ደብዳቤ አብሮ ይሄዳል።

ሁሉንም ለመማር መነሳት

አያስፈልግም። ኮንትሮል እና 1 ወደ ኢሜይሉ፣ ኮንትሮል እና 2 ወደ ካላንደሩ ይወስዳሉ። መልእክትን ጎትቶ ካላንደሩ ላይ መጣል ቀጠሮ ይፈጥራል። የስብሰባ ግብዣ መላክ፣ መልእክትን በላኪው እየለየ ወደ ፎልደር የሚያስገባ ደንብ ማውጣት፣ ደህና አድርጎ መፈለግ፤ ከዚህ በላይ ያለው ሥራው ሲጠይቅ ይመጣል። ደንብ ሲያወጡ ግን አንዳንዱ የሚሠራው ክላሲኩ ተከፍቶ ሳለ ብቻ ስለሆነ፣ ቤት ሄደው በስልክ ሲያዩ መልእክቱ ሳይደረደር ቢያገኙት አይደነቁ።

ሰዓቱንና ቀኑን ሳያስተካክሉ መፍረድ

«ካላንደሩ ቀጠሮ አበላሸብኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው እዚህ ነው። «ነገ 8 ሰዓት» የተባለውን ስብሰባ 8:00 ብሎ የሚመዘግብ ሰው ለጠዋቱ 2 ሰዓት ጠርቶታል፤ መመዝገብ የነበረበት 14:00 ነው። ካላንደሩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ማድረግ ስህተቱን ያቀለዋል። የሰዓት ቀጠናው ዊንዶውስ ላይ ናይሮቢ በሚለው ስር ነው፤ አዲስ አበባን ሲፈልጉ አይድከሙ።

ከዋሽንግተን ጋር የሚሠራ ሰው ደግሞ ልዩነቱ በብርዳማው ወቅታቸው 8፣ በሞቃቱ ወቅታቸው 7 ሰዓት መሆኑን ያውቃል። ግብዣው ከዚያ የካላንደር ፋይል ሆኖ በኢሜይል ከመጣ ፕሮግራሙ ራሱ ያስተካክለዋል፤ በእጅ የጻፉትን ግን እነሱ ሰዓታቸውን በቀየሩ ቁጥር እርስዎ ማስታወስ አለብዎት። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ካላንደሩን መማር ለዚህ ብቻ እንኳ ያዋጣዋል።

በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ የሚደጋገም ሥራ ካለዎት «በየወሩ» የሚለውን አይምረጡ፤ እሱ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ወር ነው። «በየ30 ቀኑ» ብለው ከመስከረም 30 ይጀምሩና ነሐሴ 30 ላይ እንዲያበቃ ያድርጉት። ጳጉሜን ቆጠራውን ስለምትሰብረው ለአዲሱ ዓመት እንደገና ይክፈቱ።

ለሥራ ማስታወቂያ ብሎ ኮርስ መክፈል

ማስታወቂያው አውትሉክ ስላለ ብቻ ገንዘብ ከፍለው አይመዝገቡ። ነፃ የአውትሉክ አካውንት በብራውዘር ይክፈቱ፤ ለጓደኛዎ የስብሰባ ግብዣ ይላኩ፣ ሰዓቱን ይቀይሩት፣ ይሰርዙት፤ እሱም ግብዣውን ሲቀበልና እምቢ ሲል ምን እንደሚመጣልዎ ይዩ። ለቃለ መጠይቁ ይበቃል።