አረንጓዴ ኬሚስትሪ ወደ ተማሪዎች ላቦራቶሪ ሲገባ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

አረንጓዴ ኬሚስትሪ ብክነትንና አደገኛ ኬሚካሎችን ለመቀነስ የሚጥር የኬሚስትሪ አሠራር ነው። ኬሚስቶቹ ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸውን 12 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ መርሆዎች ማስተማር ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው ለሌላ አሟሚ (ሌሎች ነገሮችን ለሚያሟሟ ፈሳሽ) እና ለሌላ ከፍታ የተጻፈን የሙከራ መመሪያ በእነሱ መሠረት ማስተካከል ነው። ቀጥሎ ያሉት እንደ ጎንደር ባለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኝና የቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ የሚጠበቁ ችግሮች ናቸው።

ምልክት፦ ካፌይንን ከሻይ ቅጠል ለማውጣት በዳይክሎሮሜቴን ፋንታ ኢታይል አሲቴት ከተተካ በኋላ ምርቱ ቀነሰ፤ አንዳንድ ቡድኖችም ምንም አላገኙም።

መንስኤ፦ ምንም ያላገኘው ቡድን ካፌይኑን ሳይደፋው አልቀረም። ዳይክሎሮሜቴን ከውሃ ስለሚከብድ ከሴፓራቶሪ ፈነሉ (የማይቀላቀሉ ፈሳሾችን ከሚለየው ዕቃ) ግርጌ ይቀመጣል፤ ኢታይል አሲቴት ግን እፍግታው በሚሊ ሊትር 0.9 ግራም ገደማ በመሆኑ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። የአሟሚው ስም ተቀይሮ «የታችኛውን ንብርብር ውሰዱ» የሚለው ትእዛዝ እንዳለ ከቀረ፣ መመሪያውን በትክክል የተከተለው ተማሪ ውሃውን ይዞ ካፌይኑን ይጥላል። ምርቱ የቀነሰበት ቡድን ችግር ግን ሌላ ነው፤ ካፌይን ወደ ኢታይል አሲቴት የሚሻገረው ወደ ዳይክሎሮሜቴን በሚሻገርበት መጠን አይደለም፤ አሟሚው ራሱም በከፊል ውሃ ውስጥ ይሟሟል።

መፍትሄ፦ ታኒኑ (ከካፌይኑ ጋር ከሻዩ የሚወጣው ሌላ ንጥረ ነገር) ውሃው ውስጥ እንዲቀር ሻዩ ከሶዲየም ካርቦኔት ጋር ከፈላ በኋላ በሚገባ ይቀዝቅዝ፤ ኢታይል አሲቴት እንደ ሶዲየም ካርቦኔት ባለ ትኩስ ቤዝ ውስጥ ይበታተናልና። ከዚያ የገበታ ጨው ተጨምሮበት፣ አሟሚው በአንድ ጊዜ ከሚገባ ለሦስት ተከፍሎ ይታጠብበት። የትኛው ንብርብር ውሃ እንደሆነ ካጠራጠረ ጥቂት የውሃ ጠብታዎችን ጨምሮ የሚቀላቀሉበትን ማየት ይበቃል፤ ሙከራው እስኪያልቅ ድረስም አንዱም ንብርብር አይደፋ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ምርቱ ከቀድሞው ሊያንስ ይችላል። ባህር ጠለል ላይ በ40 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ዳይክሎሮሜቴን ጎንደር ላይ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላና ተኑ ለጤና አደገኛ ስለሆነ፣ በእኔ ግምት ጉድለቱን መቀበል ይሻላል።

ምልክት፦ በሪፍለክስ (ተኑን በኮንደንሰር፣ ማለትም በውሃ በሚቀዘቅዝ ቱቦ፣ ወደ ፈሳሽ እየመለሱ በማፍላት) መካከል ውሃ ይቋረጣል፤ ወይም ሪአክሽኑ በተጻፈለት ጊዜ አያልቅም።

መንስኤና መፍትሄ፦ በደቂቃ አንድ ሊትር የሚፈስበት ኮንደንሰር በሁለት ሰዓት ውስጥ 120 ሊትር ውሃ፣ ያውም ከጎንደሩ አንገረብ ግድብ ተጣርቶ የመጣ የመጠጥ ውሃ፣ ወደ ፍሳሽ ይሰድዳል። በረዶ የተጨመረበት ባልዲና አነስተኛ የውሃ ፓምፕ አንዱን ውሃ መልሰው መላልሰው ያዞራሉ። ፓምፑና ማሞቂያው ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ቢገናኙ መብራት ሲጠፋ አብረው ስለሚቆሙ፣ አሟሚው ያለ ማቀዝቀዣ ለረጅም ጊዜ አይፈላም። ሪአክሽኑ የሚዘገየው ደግሞ ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው፤ ለዚህ ኬሚካል መጨመር የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ የሚገባው ጊዜውን አርዝሞ ሪአክሽኑ ማለቁን በቲን ሌየር ክሮማቶግራፊ (ቅልቅሉን በስስ ሽፋን ላይ ለይቶ በሚያሳይ ዘዴ) ማረጋገጥ ነው።

ምልክት፦ ብክነትን ለመቆጠብ የኬሚካሉ መጠን ሲቀነስ ውጤቱ ከቡድን ቡድን ይለያያል። እስከ 0.01 ግራም ብቻ በሚያነብ ሚዛን 0.1 ግራም መመዘን የ10 በመቶ ያህል ስሕተት ስለሚያስከትል፣ ለሁሉም ቡድን የሚሆነውን በአንድነት መዝኖ ማሟሟትና በፒፔት ማካፈል ይገባል።

ምልክት፦ ተማሪው መርሆዎቹን በቃሉ ይወጣቸዋል፣ የሠራውን ሙከራ ግን መመዘን አይችልም።

መንስኤ፦ የላቦራቶሪ ሪፖርቱ የሚጠይቀው የምርት መቶኛን ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ አስፕሪን ይበቃል። 138 የሳሊሲሊክ አሲድና 102 የአሴቲክ አንሃይድራይድ ሞለኪዩላዊ ክብደቶች 180 አስፕሪን ስለሚሰጡ፣ አቶም ኢኮኖሚው (በሪአክሽኑ ቀመር መሠረት ከግብዓቱ ክብደት ወደ ምርቱ የሚገባው ድርሻ) 75 በመቶ ነው። ነገር ግን ከ2 ግራም አሲድና ከ5 ሚሊ ሊትር (5.4 ግራም) አንሃይድራይድ 2 ግራም አስፕሪን ከተገኘ፣ ኬሚስቱ ሮጀር ሸልደን ባስተዋወቀው ኢ-ፋክተር (የቆሻሻው ክብደት ለምርቱ ክብደት ሲካፈል) ሲሰላ፣ የማጠቢያው ውሃ ሳይቆጠር ለአንድ ግራም ምርት 2.7 ግራም ቆሻሻ ይወጣል። ሪአክሽኑ የሚፈልገው አንሃይድራይድ 1.5 ግራም ገደማ ብቻ ነውና ትርፉን አቶም ኢኮኖሚ አያየውም። ግማሹ ክፍል በ3 ሚሊ ሊትር ይሥራ፤ ምርቱ 2 ግራም ላይ ከጸና ቁጥሩ ወደ 1.6 ይወርዳል፣ ከቀነሰ ደግሞ ቁጠባው የት ላይ መቆም እንደነበረበት ተማሪዎቹ በራሳቸው ውጤት ይከራከሩበታል።