ከተከፈተ በኋላ እምቢ ያለ የእጅ ጌም፦ የውስጥ ሶኬት ችግሮችና መፍትሔያቸው

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቀው ቤቴ፣ መስኮት ሥር ባለች አንዲት ጠረጴዛ ላይ የእጅ ጌም ማጫወቻዎችን ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ወደ እኔ ከሚመጡት መካከል ሶኬቱ በራሱ ጊዜ ያረጀ ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ወንድም ቪዲዮ ተመልክቶ ከከፈተው በኋላ የተበላሸ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው መሣሪያውን ፈትቶ ለገጣጠመና ከዚያ በኋላ አንድ ነገር መሥራት ላቆመበት ሰው ነው። ሌላ ቻርጀርና ኬብል መሞከርን፣ ማብሪያውን ረዘም አድርጎ ተጭኖ ዳግም ማስነሣትን የመሳሰለው ሁሉ ቀድሞ እንደተደረገ እቆጥራለሁ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከኔንቴንዶ ስዊችና ከስዊች ላይት የተወሰዱ ናቸው፤ ስለ ፍሌክስ ሶኬት (ፍሌክስ የተባለው ስስ ጠፍጣፋ ኬብል ስለሚሰካበት ሶኬት) የምለው ግን ለፒኤስፒም ለሌላውም ይሠራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ክዳኑ እንደተነሣ ከምንም ነገር በፊት የባትሪው ሶኬት ይነቀላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ ተደርጓል በሚል የተጻፈ ነው።

ከተገጣጠመ በኋላ ጭራሽ አይነሣም

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የባትሪው ሶኬት ራሱ ነው። ይህ ሶኬት በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ከአንዱ ጎን ትንሽ፣ ከሌላው ጎን ትንሽ እየተባለ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል እንጂ በሽቦው ተይዞ አይጎተትም። በሽቦው የጎተተ ሰው ወይ ሽቦውን ነቅሏል፣ ወይ ሶኬቱን ከነእግሩ ከቦርዱ ላይ አንሥቶታል። የባትሪው ጫፍ በማልቲሜትር ሲለካ 3.7 ቮልት አካባቢ ካሳየና መሣሪያው ካልተነሣ፣ የሶኬቱ እግሮች ከቦርዱ መላቀቃቸውን በማጉሊያ ይመልከቱ፤ ተላቅቀው ከሆነ ፍላክስ (ብየዳው በደንብ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀብቶ እንደገና መበየድ ነው። ሽቦ መቁረጥ ካስፈለገ ሁለቱን ሽቦ በአንድ ጊዜ በመቁረጫው አፍ ውስጥ አያስገቡ፤ መቁረጫው ብረት ነው፣ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ያገናኛል፣ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ይህን በዝምታ አያልፍም።

ድምፅ አለ፣ ሥዕል የለም

ክፍሉን አጨልመው የስልክ መብራት በስክሪኑ ላይ በአግድም ያብሩ። ደብዛዛ ሥዕል ከታየ ስክሪኑ ደኅና ነው፤ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ነው። የመብራቱ ፍሌክስ ሳይቆለፍ ቀርቶ ከሆነ መቆለፉ ይበቃል። ባትሪው ሳይነቀል ፍሌክሱ ተነቅሎ ተሰክቶ ከሆነ ግን በመብራቱ መስመር ላይ ያለችው ጥቃቅን ፊውዝ ተቃጥላ ሊሆን ስለሚችል፣ ማልቲሜትሩን በድምፅ መስጫው ላይ አድርገው በሁለት ጫፏ ይለኩ፤ ካልጮኸ እሷ ናት። ከላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ለምን እንደተጻፈ ብዙ ሰዎች የሚገባቸው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ጆይስቲኩ፣ የጎን ቁልፎቹ ወይም ንክኪው ከተከፈተ በኋላ አይሠራም

ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጆይስቲኩ ሳይነካ በራሱ ይሄድ ነበር፤ አዲስ ተገዛ፤ ተቀየረ፤ አሁን ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ባለቤቱ የተገዛው ዕቃ ብልሹ እንደሆነ እርግጠኛ ሆኖ ይመጣል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው። በአብዛኛው ግን የተሰበረው በቦርዱ ላይ ያለችው፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የፍሌክስ ሶኬት መቆለፊያ ናት።

የፍሌክስ ሶኬት ማለት እንደ ወረቀት የሳሳው ጠፍጣፋ ኬብል የሚገባበት ነው። ፍሌክሱ ሲገባ ምንም ጉልበት አይጠይቅም፤ ኬብሉን ይዞ ከእግሮቹ ጋር የሚያጣብቀው መቆለፊያው ነው። ችግሩ መቆለፊያው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንደኛው ፍሌክሱ ከሚገባበት በተቃራኒ ጎን እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ የሚነሣ ነው። ሁለተኛው ፍሌክሱ በሚገባበት በኩል የሚነሣ ነው። ሦስተኛው ጨርሶ ወደ ላይ አይነሣም፤ በሁለት ጆሮዎቹ ተይዞ ከቦርዱ ጋር ትይዩ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ለማይሞላ ርቀት ወደ ፊት ይንሸራተታል። የመጀመሪያውን ከተሳሳተ ጎን የፈለቀቀ ሰው ማጠፊያውን ይሰብራል፤ ሦስተኛውን ወደ ላይ ያነሣ ሰው ጆሮውን ይገነጥላል፤ ጨርሶ መቆለፊያ መኖሩን ያላወቀውና ፍሌክሱን በወረንጦ ጎትቶ ያወጣው ደግሞ እግሮቹን ያጣምማል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው መቆለፊያውን በግማሽ ሰከንድ ከፍቶ ያልፋል፤ ተመልካቹ እጁ ምን እንዳደረገ አላየም። ስለዚህ ከመንካትዎ በፊት ሶኬቱን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም በማጉሊያ ይዩት፤ የመቆለፊያው ቀለም ከሶኬቱ አካል ብዙ ጊዜ ይለያል፤ የሚነሣበትም ጠርዝ በጥፍር ሊገባበት የሚችል ክፍተት አለው።

ምርመራው እንዲህ ነው። መቆለፊያው ሙሉ ከሆነ ፍሌክሱን አውጥተው ቀጥ ብሎ መግባቱን ያረጋግጡ፤ በአንድ ጎን ትንሽ ከተንጋደደ እግሮቹ ከጎረቤት መስመር ጋር ይገናኛሉ። በእነዚህ ሶኬቶች ላይ በአንድ መስመርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 0.5 ሚሊ ሜትር፣ በስክሪን ሶኬት ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ስለሆነ፣ ዓይን «ገብቷል» ያለው ሁሉ አልገባም።

መቆለፊያው ወልቆ ግን ሳይሰበር ከተገኘ ዕድለኛ ነዎት። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ዘንግ መሰል ጉጦች ይፈልጉ፤ እነርሱ ከሶኬቱ ጎን ካሉት ጎድጓዶች ውስጥ ይቀመጣሉ። መቆለፊያውን በተከፈተ አቋም ይዘው አንዱን ጫፍ ካስገቡ በኋላ ሌላውን በእንጨት ስንጥር ቀስ አድርገው ይጫኑ። ይህን ሥራ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ያድርጉት፤ ከወረንጦ ያመለጠች መቆለፊያ ወለል ላይ አትገኝም። እኔ አንዷን ለማግኘት ግማሽ ቀን ቤቱን ጠርጌአለሁ፤ በመጨረሻ የተገኘችው በሸሚዜ እጅጌ ውስጥ ነው።

ከተሰበረ ወይም ከጠፋ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ፍሌክሱን ማወፈር ነው። የብዙ ፍሌክሶች ጫፍ ከነማጠንከሪያው 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ መቆለፊያው ሲጠፋ እግሮቹ ይህን ውፍረት አጥብቀው መያዝ ያቅታቸዋል። ስለዚህ መዳቡ ከሚታይበት ፊት ሳይሆን ከጀርባው፣ ማጠንከሪያው ባለበት በኩል፣ አንድ ሽፋን ካፕቶን ቴፕ (ሙቀት የሚችል ስስ ቴፕ) ይለጥፉና ከፍሌክሱ ስፋት ጋር እኩል አድርገው በምላጭ ይቁረጡት። ፍሌክሱ ትንሽ እየታገለ ከገባና ቀለል ባለ ጉተታ ካልወጣ ይበቃል። ካልያዘ ሁለተኛ ሽፋን ይጨምሩ፤ ሦስተኛ አይጨምሩ፣ እግሮቹን ከልክ በላይ ይከፍታቸውና ከዚያ በኋላ አዲስ ፍሌክስም አይይዙም። በመጨረሻ በላዩ ላይ ሌላ ካፕቶን አጋድመው ለጥፈው፣ ክዳኑ ሲዘጋ የሚጫነው ቁራጭ ስፖንጅ ያስቀምጡ። በዚህ መንገድ ያስተካከልኩት አንድ ስዊች ላይት ክረምት ከበጋ እየተጫወቱበት ነው፤ ስለዚህ ይህን ዘዴ ጊዜያዊ ብለው የሚንቁት ሰዎች አያስጨንቁዎት።

ሙጫ ግን አይንኩ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቆለፊያው ሲሰበርበት ፍሌክሱን አስገብቶ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ ጣል አደረገበት። ሱፐር ግሉ እንደ ውኃ ቀጭን ነው፤ በእግሮቹ መካከል ሰርጎ ገብቶ መዳቡን ከእግሮቹ ለይቶ ደረቀ። ጓደኛው ደግሞ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሊያጸዳው ሞከረ፤ በውስጡ ያለው አሴቶን ሙጫውን ሳይጨርስ በአካባቢው ያለውን ፕላስቲክ አቀለጠው። በካፕቶን አሥር ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሥራ የሁለት ቀን ሥራ ሆነ።

ሁለተኛው መንገድ ሶኬቱን መቀየር ነው። አዲሱን ሲያስመጡ የእግሮቹን ቁጥር፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ እንዲሁም መገናኛው ከላይ ይሁን ከታች በትክክል ይለዩ፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ ሶኬት ተገልብጦ የሚሠራ ሆኖ ሲገኝ ሻጩ አይመልሰውም። ለመንቀል ዙሪያውን በካፕቶንና በአልሙኒየም ፎይል ሸፍነው፣ ፍላክስ ቀብተው፣ በሆት ኤር (ሞቃት አየር በሚነፋ መሣሪያ) በዝቅተኛ ንፋስ ያሙቁ። የፋብሪካው ሊድ (ለመበየድ የሚቀልጠው ብረት) ከእርሳስ ነፃ በመሆኑ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ እርሳስ ያለው ባለ 63/37 ሊድ (63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ) ግን በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ስለዚህ በእግሮቹ ላይ አስቀድመው እርሳስ ያለውን ሊድ ቢቀቡ ሥራው ይለሰልሳል። ሶኬቱን በወረንጦ ነካ ሲያደርጉት በራሱ ሲንሳፈፍ ብቻ ያንሡት፤ የጎተቱት እንደሆነ ከሥሩ ያለው የመዳብ መቀመጫ አብሮ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው በፀጉር በቀጠነ ሽቦ መስመር የመዘርጋት ሥራ ለጀማሪ የሚመከር አይደለም። አዲሱን በሆት ኤር ሳይሆን በቀጭን ጫፍ መበየጃ ይበይዱት፤ የሆት ኤሩ ሙቀት መቆለፊያውን ሊያጣምም ይችላል።

ስለ ርካሽ ጆይስቲኮችም አንድ ነገር ልበል። አንዳንዶቹ የፍሌክሳቸው ማጠንከሪያ ከሚገባው በላይ የሳሳ በመሆኑ ደኅና ሶኬት ውስጥ እንኳ ይላላሉ፤ የካፕቶኑ ዘዴ ለእነርሱም ይሠራል። አብሮ በከረጢቱ የሚመጣው ካቻቢቴ ግን ለምንም አይሠራም። ብረቱ ለስላሳ ነው፤ የባለ ሦስት ክንፉን ብሎን ራስ በልቶ እርሱም ይበላል። ይጣሉት።

ውኃ የነካው

ከዘጌ በጀልባ ሲመለስ ማዕበል የረጨው ስዊች ይዞልኝ የመጣ ልጅ ነበር። በኢንተርኔት «ሩዝ ውስጥ ክተተው» የሚል ምክር አንብቦ፣ ቤት ውስጥ ሩዝ ስላልነበረ እናቱ ጤፍ ውስጥ ቀበሩለት። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ በቻርጀር ሶኬቱ፣ በማቀዝቀዣው ቀዳዳ፣ በካርድ ማስገቢያው ገብታ እርጥበቱን ጠጥታ ያበጠችውን ስለቅም ዋልሁ። እህል ውስጥ መቅበር ዝገትን አያቆምም። የሐይቅ ውኃ ጨው ባይኖረውም፣ ባትሪው ተሰክቶ እስካለ ድረስ ኤሌክትሪኩ በእርጥቡ እግር ላይ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። ወዲያው ያጥፉ፣ ይክፈቱ፣ ባትሪውን ይንቀሉ፣ ሶኬቶቹን ከፍተው በለስላሳ ጥርስ ብሩሽና በአይሶፕሮፒል አልኮል ያጽዱ። ተርፎ የቆየ ቲነር ስክሪኑንም ፕላስቲኩንም ስለሚበላ አይተካውም። ውኃ ሳይነካውም በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ሳጥን ውስጥ የከረመ መሣሪያ ተመሳሳይ ዝገት ይዞ ይመጣል፤ ማጽጃው አንድ ነው።

ኬብሉ ሲታጠፍ ብቻ ይሞላል

የዩኤስቢ ሲ ሶኬት 24 መገናኛዎች አሉት፤ በመካከል ባለችው ምላስ በላይና በታች 12፣ 12 ሆነው ይቀመጣሉ። ምላሷ ከተሰነጠቀች ወይም መገናኛዋ ከታጠፈ ሶኬቱ ይቀየራል፤ በመርፌ ማቃናት ለሳምንት ነው። በዩኤስቢ መለኪያ ሲታይ ዋናው ቻርጀር ወደ 15 ቮልት መውጣት ሲገባው በ5 ላይ ከቀረ፣ መገናኛዎቹን ያጽዱ፤ እነርሱ ንጹሕ ከሆኑ ኤም92ቲ36 የተባለው የኃይል ቺፕ ይጠረጠራል፣ እርሱም የቤት ሥራ አይደለም።

ካርድ የማያነብ ከሆነ ብዙ ጊዜ የካርዱ ትንሽ ቦርድ ከዋናው ቦርድ ጋር በደንብ አልተጫነም ማለት ነው፤ ተጫን አድርገው ብሎኑን ይመልሱ።

ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ባትሪውን ሰክተው መሣሪያውን ያስነሡና ጆይስቲኩን፣ ንክኪውን፣ ድምፁን ይሞክሩ፤ ከዚያ አጥፍተው ብሎኖቹን ይሰሩ።