የጠዋት ስፖርት ጀምረው የሚያቋርጡ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለው መንገድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰው አያጣም። ሶምሶማ የሚሮጥ አለ፣ ወክ የሚያደርግ አለ፣ ገመድ የሚዘል አለ። ሰዎችን ጠዋት ጠዋት ስፖርት ማሠራት ሥራዬ ስለሆነ ብዙ ጀማሪ ይመጣልኛል። ከወር በኋላ ግን አብዛኞቹን አላገኛቸውም። የሚያስቀሯቸው ነገሮች ደግሞ በየዓመቱ ያው ናቸው።

ጾም ሲገባ ሁሉንም እርግፍ አድርጎ መተው

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰው ከገና በኋላ ይጀምራል። ጥርን ይበረታል። ሰውነቱ ልክ መልመድ ሲጀምር ዐቢይ ጾም ይገባል። «አሰልጣኝ፣ በቃ ከፋሲካ በኋላ እንገናኝ» ይለኛል። 55 ቀን! ሲመለስ ትንፋሹ ድሮ የነበረበት ደርሷል። እንደገና ሀ ብለን እንጀምራለን። ትንሽ ቆይቶ የሐዋርያት ጾም ይመጣል፣ ቀጥሎ ፍልሰታ፣ ከዚያ ነቢያት። ረቡዕና ዓርብም አለ። ጎጃም እየኖሩ ጾምን ከቁጥር ያላስገባ የጠዋት ፕሮግራም ማውጣት የዓመቱን ግማሽ ያህል መጣል ነው።

ጾማችሁን ጹሙ። መለወጥ ያለበት የስፖርቱ ሰዓትና ክብደት ነው። እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ የማይቀምስ ሰው ጠዋት መሮጥ የለበትም። በላብ የወጣውን ውኃ ሳይተካ ይውላል፤ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል። 20 ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድና ሰውነትን ማፍታታት ግን ይችላል። ከበድ ያለውን ወደ ማታ ያዙሩት። 9 ሰዓት ላይ የበላ ሰው 11 ሰዓት ተኩል ላይ በደንብ መሥራት ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በባዶ ሆዱ ምንም ከመሥራቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

አብራን የምትሠራ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ሁዳዴ ሲገባ ልታቆም ነበር። «እታለም፣ ጫማሽን ብቻ አድርጊና ነይ» አልኳት። መጣች። እኛ ስንሮጥ እሷ ዳር ይዛ ትራመዳለች። ቢሮዋ በሶና ትንሽ ስኳር በላስቲክ ቋጥራ ትወስዳለች። 9 ሰዓት ሲሆን ኮዳዋ ውስጥ ትጨምርና ክዳኑን ገጥማ፣ ጓል እስኪጠፋ ድረስ ትንጠዋለች። መጀመሪያ እሱን ትጠጣለች፣ ከዚያ ሽሮዋን ወይም የሱፍ ፍትፍቷን ትበላለች። ከፋሲካ በኋላ ሌሎቹ ከዜሮ ሲጀምሩ እሷ ፍጥነት ብቻ ነው የጨመረችው። እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ጠዋት ጠንከር ያለ ነገር ለመሥራት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

በመጀመሪያው ቀን መሮጥ

እኛ አገር ስፖርት ሲባል ቶሎ ሰው አእምሮ ላይ የሚመጣው ሩጫ ነው። ለአምስት ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሰኞ ጠዋት ተነስቶ ይፈተለካል፤ ማክሰኞ ጉልበቱን ይዞ ይውላል። እባካችሁ በእርምጃ ጀምሩ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ብትሄዱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል አለፋችሁ። ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃችኋል። ሶምሶማ ስትጀምሩ ደግሞ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ቀንሱ።

ደብረ ማርቆስ ያላችሁ የበለጠ ታገሡ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ጠዋቱም ይበርዳል። ከቆላ የመጣ ሰው እዚያ ቶሎ ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንግጥ፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ማሟሟቂያውንም ረዘም አድርጉት።

በሻይና በዳቦ ሆድን መሸንገል

አንድ ሰዓት ሠርቶ ነጭ ዳቦ በስኳር ሻይ የሚያወርድ ሰው 4 ሰዓት ላይ ይርበዋል። ከዚያ ያገኘውን ይበላል፣ ከዚያ «ስፖርት አላከሳኝም» ይላል። ጡንቻ የሚጠግነው ፕሮቲን ነው። በፍስክ እንቁላል አለ፣ በጾም ፉል ወይም የሽሮ ፍትፍት። የገብስ ቅንጬም ብዙ ሰዓት ያቆያል። ዳጉሳን ደግሞ አትናቁት። ጎጃም ውስጥ እንደ ልብ የሚገኝ እህል ነው፤ ካልሲየሙ ከስንዴም ከበቆሎም በብዙ ይበልጣል። ገንፎውን ወይም ቂጣውን ከእርጎ ጋር ሞክሩት። ከስፖርቱ በፊት ከራባችሁ አንድ ሙዝ ብሉና ግማሽ ሰዓት ቆዩ።

ቡና ላይ አንድ ነገር ልበል። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን አይረን ይቀንሳል፤ ሻይም እንደዚያው ነው። በተለይ ደም ማነስ ያለባችሁ እኅቶች፣ ከቁርሱ አንድ ሰዓት አርቁት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ረጅም ሰዓት የሚወስደውን ደግሞ ለእሑድ ተዉት።

ጨለማው ሳይገፈፍ ለብቻ መውጣት

አይሆንም። ውሻው አለ፣ መብራት የሌለው ባጃጅ አለ። ጎሕ ይቅደድ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ።

እስከ ሌሊት 6 ሰዓት ስልክ ላይ ማምሸት

አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት የፈለገ ሰው 4 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋው ውስጥ ይሁን።

አንድ ቀን ሲያመልጥ ሳምንቱን መተው

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን ማለት ነው። ሁለት ቀን ትርፍ አላችሁ። ለቅሶ ሊኖር ይችላል፣ ልጅ ሊታመም ይችላል፣ በሐምሌ ጭቃው አላስወጣ ሊል ይችላል። እንዲህ ባለ ቀን እቤት ውስጥ ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ ሥሩ። ድርጅቱ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመክር፣ የዝናቡን ቀን ለዚያ አድርጉት።