ዋልካ አፈርን በኖራ ማጽናት፦ ለባሕር ዳር ዙሪያ መንገዶች

በጣና ዳርና በፎገራ ሜዳ ረባዳ ቦታዎች ያለው ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። አስፋልቱን የሚያጎብጠውም የሚሰነጥቀውም ይኸው ነው። ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ (ለመንገድ በተመረጠ ጠጠራማ አፈር) መተካት ቀላል ነው፤ ገረጋንቲው ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ግን ኖራ ያዋጣል። ሲሚንቶ በዚህ አፈር ላይ አይመከርም፤ የተጣበቀው ጓል ውስጥ ሳይዳረስ መጠንከር ይጀምራል።

ደንገል የበቀለበት፣ የበሰበሰ ሥር የሞላው ጭቃ ኖራውን በከንቱ ስለሚበላው ጠርጋችሁ አውጡት። ውሃ የሚተኛበት ከሆነ ቦዩ ይቅደም።

መጠኑን ለመወሰን በ425 ማይክሮን ወንፊት ያለፈ 25 ግራም ደረቅ አፈርና 100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ በየጠርሙሱ አድርጉ፤ ከ2 እስከ 8 በመቶ ኖራ እያበላለጣችሁ ጨምሩ። በየ10 ደቂቃው 30 ሰከንድ እየናጣችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያውን) ለኩ። 12.4 ያደረሰው ትንሹ መጠን መነሻ ነው፤ ለብክነት እስከ 1 በመቶ ያክሉበታል። ውሃ ውስጥ 4 ቀን በተዘፈዘፈ ናሙና ሲቢአሩን (አፈሩ ጭነት የመሸከም አቅሙን) አረጋግጡ።

መጠኑ 6 በመቶ፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ደረቅ እፍጋቱ በሜትር ኩብ 1,400 ኪሎ ቢሆን ለአንድ ካሬ 12.6 ኪሎ ይገባል፤ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ለ2 ካሬ ግድም ማለት ነው። ከረጢቶቹን በዚሁ ርቀት ደርድራችሁ ነፋስ ሳይነሳ ዘርግፉ። ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው።

ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው ድብልቁ ላይ ነው። በግሬደር ጥርስ ፈልፍሉ፣ በቦቴ ውሃ እያጠጣችሁ ደባልቁ፣ በሮለር ቀለል አድርጋችሁ ዝጉትና ከ1 እስከ 3 ቀን ይደር። ያደረ ዋልካ መጣበቁን ትቶ ይፈረፈራል። እንደገና ፈጭታችሁ ጓሉ ሁሉ በ25 ሚሊ ሜትር ወንፊት፣ ቢያንስ 60 በመቶው ደግሞ በ4.75 እስኪያልፍ አትጠቅጥቁ። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ግድግዳው ላይ ፌኖልፍታሊን (ኖራ ሲነካው ሐምራዊ የሚሆን ፈሳሽ) ጠብ አድርጉ፤ ሐምራዊ ያልሆነው ቦታ ኖራው ያልደረሰበት ነው።

ከዚያ በበግ እግር ሮለር፣ ማጠናቀቂያውን በለስላሳው። ብዙ ሳይት ላይ የሚያጨቃጭቀው የእፍጋት ውጤት ነው፦ ኖራ ከፍተኛውን እፍጋት ይቀንሳል፣ የሚፈልገውን ውሃ ይጨምራል። ስለዚህ ፕሮክተሩ (ከፍተኛውን እፍጋትና የሚፈልገውን ውሃ የሚያሳየው የላብራቶሪ ሙከራ) ከድብልቁ ይሠራ፤ በጥሬው አፈር ፕሮክተር ከለካችሁት ሮለሩ ቢመላለስም ከከፍተኛው እፍጋት 95 በመቶ ላይሞላ ይችላል።

ለ7 ቀን እርጥበቱ ይጠበቅ፤ ሲኖትራክ አይለፍበት። ቀጣዩ ንጣፍ ዘግይቶ ላዩ ነጭ ቅርፊት ካወጣ፣ ኖራው ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ከስሯልና ቅርፊቱን ፍቃችሁ አንሱት።